የስናፍቅሽ የክርስትና ስም

በዚያ ዓመት በረመዳን መግቢያ የሐርጌሳው ትልቁ ገበያ ዋሄን ተቃጠለ። ገበያው ሌሊቱን ነድዶ ጠዋት አመድ ነበር። ቀጥሎ ሶማሌዎቹ ጉ የሚሉት የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ቀረ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ከገጠር ገብቶ በከተማው ዳር በጨርቅና በካርቶን ጎጆ ቀለሰ። ውኃ በቦቴ ነበር የሚመጣው። ለሚጠጣው አይበቃም፤ ሲሚንቶ ለማቡካት የሚሰጥ አልነበረም። ግንባታ ቆመ። ግንበኛውም፣ ልስን የሚሠራውም ወደ አገሩ ተመለሰ። መመለስ ያልቻለው ተቀመጠ። አገራችንም ደህና አልነበረም። በነሐሴ መጨረሻ ሰሜን ላይ ጦርነቱ እንደገና ተነሣ፤ ከወልድያ ወዲያ ስልክ ጠፋ።

እኔ ገነነ እባላለሁ። ሐርጌሳ ውስጥ ግንበኛ ሆኜ አርጅቻለሁ። እጄ ሲደክም አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ለቆመ አንድ ፎቅ ዘበኛ ሆንኩ። ፎቁ አላለቀም። የምጠብቀው ብረትና ዝናብ ያልነካው አሸዋ ነበር።

ስናፍቅሽ የታመመችው በዚያ ወቅት ነው።

ዘመዴ አይደለችም። እሷ የላስታ ልጅ ናት፣ እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። ግን ብድሯ አለብኝ። ሚስቴ ዘርፌ እዚህ ከተማ ስትሞት እኔ በርበራ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስልክም አልነበረኝም። ስናፍቅሽ ያን ጊዜ ከአገር ገና የመጣች ልጅ ነበረች። ዘርፌን የምታውቃት ውኃ ሲቀዱ ብቻ ነው። እሷ ናት ያጠበቻት። እሷ ናት የገነዘቻት። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለንምና ከሬሳው ጋር በመኪና ድንበር ተሻግራ ጅግጅጋ ቤተ ክርስቲያን አስቀበረቻት። እኔ ስደርስ መቃብሩ ተደፍኗል።

ሰው ሁሉ እንደሚለው «ብድርሽን በደስታ ይመልስልኝ» አልኳት። በሠርጓ እመልሳለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ዓመታት አለፉ፣ ሠርግ አልመጣም።

የምትሠራው ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ ሳጋል የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው። የሳጋል ሱቅ ዋሄን ላይ ነድዶባታል። ቢሆንም የታመመችውን ሠራተኛ አላስወጣችም። ጅግጅጋ ያደገች ሴት ናት፤ አማርኛ ትሰባብራለች።

አንድ ቀን ራሷ ፎቁ ድረስ መጣች። «አዴር፣» አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው፤ «ሀኒ እምቢ አለች። ምግብ እምቢ፣ ሻይ እምቢ። አንተን ብቻ ጥራልኝ አለች።»

ሀኒ ማን እንደሆነች አውቃለሁ። በዚያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ሀኒ ይባላል። ከስናፍቅሽ በፊት የነበረችውም ሀኒ፣ ከዚያ በፊት የነበረችውም ሀኒ። ልጆቹ እንዳይደናገሩ ነው ትላለች ሳጋል። ክፋት የለበትም፤ ስሙ ግን ከመጥረጊያው ጋር የሚወረስ ነው።

ክፍሏ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ናት። ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ሐኪሙ ጉበቷ ነው ብሎ ለእኔ የነገረኝን ለእሷ አልነገርኳትም። አንድ ጄሪካን ገልብጬ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣» አለች፣ «አንቱ ሲስቁ ግድግዳ የሚሰነጠቅ ይመስላል። ሲያዝኑ ደግሞ ይብሳል። እንዲያው ዝም ብለው ይቀመጡ።»

«ተቀምጫለሁ።»

«ልለምንዎት ነው።»

«ለምኚ።»

«ጅግጅጋ ሲወስዱኝ ቄሱ ስሟ ማነው ቢሉዎት ምን ሊሉ ነው?»

አትሞቺም አላልኳትም። ትስቅብኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ እናት አባት የሚያወጡት፣ ሰፈር የሚጠራው ነው። ሌላው ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ ቄስ የሚሰጠው ነው። ያን እናት ታውቀዋለች፣ ያነሣችው የክርስትና እናት ታውቀዋለች። ሲሞቱ ፍትሐት የሚደረገው በዚያ ነው። በዓለም ስም ፍትሐት የለም።

«ወለተማርያም ነኝ ብለሽኝ አልነበር?» አልኳት።

«እሱ ለሰው የምለው ነው።»

ነገረችኝ። ሕፃን ሆና ክፉኛ ታምማ ነበር። እናቷ አንድ አዋቂ ዘንድ ወሰደቻት። አዋቂው «የክርስትና ስሟን የያዘ ሰው ነው ያሳመማት፤ ደብቂው» አላት። አገሩ እንዲህ ነው። የሰውን የክርስትና ስም የያዘ ደብተራ በስሙ ይደግምበታል ተብሎ ይፈራል። እናቷ ልጅቱ ለባልንጀሮቿ እንዳታወጣው ከራሷ ከልጅቱም ደበቀችው። «ሰው ቢጠይቅሽ ወለተማርያም በይ፤ ዋናውን ስትዳሪ እነግርሻለሁ» አለቻት። ስናፍቅሽ ሳትዳር ወደዚህ መጣች። እናቷ ደግሞ ባለፈው ጦርነት ጊዜ ሞተች። መርዶው ለስናፍቅሽ የደረሰው ቆይቶ ነው።

«ወለተማርያም ምን ክፋት አለው?» አልኳት።

«ምንም የለው። የእኔ አይደለም እንጂ።»

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ዳዊት ሳልጨርስ ነው ከየኔታ ቤት የወጣሁት። የሰማሁትን ግን አልረሳም፤ ያን ነገርኳት። ወለት በግዕዝ ሴት ልጅ ማለት ነው። ወለተ ማርያም፣ የማርያም ልጅ። ወንዱ ወልደ ማርያም፣ ገብረ ማርያም ይባላል። ሕፃኒቱን ከአባቷ ስም ላይ አንሥቶ ለቅድስቲቱ የሚያስረክብ ስም ነው። ድሮ እንዲህ የተሸሸገ አልነበረም። ወይዘሮዎች፣ እቴጌዎች ሳይቀሩ በወለተ ይጠሩ ነበር። መጽሐፍ አጽፈው ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡ በዳርቻው ያጻፈችው ወለተ ማርያም ናት ተብሎ ይገባል፤ ጉልት ሲሰጡም እንዲሁ። ኋላ የዓለም ስም በአደባባይ እያየለ ሄደ፤ ወለተ ወደ ቤተ ክርስቲያን አጥር ገባች። አሁን የምትሰማው በጥምቀት፣ በቁርባን፣ በጸበል ነው። መጨረሻ በመቃብር። ማርያምን የማይወድ ስለሌለ ደግሞ ስሟ የሁሉም ሆነ። አገር ቤት በእኛ ደብር በር ላይ ቆመህ ወለተማርያም ብትል ግማሿ ሴት ዞር ትላለች።

ስናፍቅሽ እየሰማች ፈገግ አለች።

«ለዚያ ነዋ እናቴ የመረጠችው፤ ደብተራው ወለተማርያም ብሎ ቢደግም የላስታ ሴት በሙሉ ብታስነጥስ ነው እንጂ እኔን ለይቶ አያገኘኝም።»

«ጥሩ መሸሸጊያ ነው።»

«ተሸሽጌ መኖሩን ኖርኩ ጋሼ። ተሸሽጌ መቀበሩ ነው የከበደኝ።» ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «ስሟ ካልታወቀ ቄሱ ምን ይላሉ?»

በልጅነቴ የግንዘቱን መጽሐፍ አይቻለሁ። ስም የሚገባበት ቦታ ላይ በቀይ ቀለም እገሊት ተብሎ ተጽፏል። ቄሱ እዚያ ሲደርስ የሟቿን ስም ያስገባል። ስም ከሌለ እንዳለ ያነበዋል። ልዋሻት አልፈለግሁም፤ ነገርኳት።

«እዚህ ሀኒ፣ እዚያ እገሊት፣» አለች። «ጋሼ፣ ስሜን ይፈልጉልኝ።»

ይህን ነው የለመነችኝ። ሌላ አልለመነችኝም።

ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። የክርስትና እናቷ አልጣሽ ትባላለች፤ ላስታ ውስጥ ኩልመስክ አጠገብ ትኖር ነበር። በሕይወት ትኑር አትኑር ስናፍቅሽ አታውቅም። አስማማው ዘንድ ሄድኩ። አስማማው አየር መንገድ ቢሮ የሚሠራ የአገር ልጅ ነው። ክራቫት ያስራል፣ ሰው ግን አይንቅም። ዘመዶቹ ወልድያ ናቸው።

«ጋሽ ገነነ፣» አለኝ፣ «ሰው በዚህ ሰዓት ወደዚያ የሚደውለው ሞተ ዳነ ብሎ ነው። አንተ የክርስትና ስም ትጠይቃለህ።»

«እኔም ሞተ ዳነ ነው የምጠይቀው።»

አየኝ፣ ቀልዱን ተወ። ኔትወርክ ብልጭ ባለ ቁጥር ሲደውል ሰነበተ። በመጨረሻ ኩልመስክ ያለ የአንድ ባለ ሱቅ ቁጥር አመጣልኝ። ባለ ሱቁ አልጣሽን ያውቃታል፤ በሕይወት አለች፤ ስልኩ የሚሠራው ግን አልፎ አልፎ ነው።

እዚያው ፎቁ ላይ ሆኜ እደውላለሁ። አይነሣም። እንደገና እደውላለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሣ። ባለ ሱቁ «ቆይ፣ እዚህ ደጃፍ ናት» አለኝ። ቀጥሎ የአሮጊት ድምፅ መጣ።

«ማን ልበል?»

«ገነነ እባላለሁ እናቴ። ከሐርጌሳ ነው። ስለ ስናፍቅሽ ነበር።»

«ስናፍቅሽ! የእኔ ስናፍቅሽ? አለች?»

«አለች። ትንሽ አሟታል።»

«ምኗን?»

«ጉበት ነው ይላሉ። እናቴ፣ የክርስትና ስሟን እንዲነግሩኝ ነው የደወልኩት።»

ባለ ሱቁን ራቅ በል ስትለው ሰማሁ። 

«አንተ ምኗ ነህ?»

«ምኗም አይደለሁ። የአገር ሰው ነኝ።»

«ምኗም ያልሆነ ሰው የክርስትና ስሟን ምን ያደርግለታል? እሷ ታመመች፣ አንተ ስሟን ፈለግህ። ደብተራ ነህ?»

«ግንበኛ ነኝ።»

«ደብተራም ሲጠይቁት ግንበኛ ነኝ ነው የሚለው።»

«እናቴ፣ ራሷ ናት የላከችኝ።»

«እንግዲያ አቅርባት፤ ድምፅዋን ልስማ። እናቷ ስትሞት ራሴ ላይ እጇን ጭና አስምላኛለች። ለስናፍቅሽ እንጂ ለማንም አልተነፍስም። ሰው በስልክ ይሰረቃል ሲሉ ነው የምሰማው። ልጄን አላሰርቅም።»

አልተቆጣሁም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልናገርም። አሁኑኑ አጠገቧ ሆኜ እደውላለሁ፣ ከዚያ እንዳይሄዱ ብያት ፎቁን ጥዬ ወጣሁ። ዘበኛ ሆኜ በሩን ሳልዘጋ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ጋአን ሊባህ ስደርስ ላቤ ወደ ዓይኔ ይገባ ነበር። ስናፍቅሽ ትራሷ ላይ ቀና አለች፤ ደወልኩ። ስልኩ ሞቷል። ደግሜ ደወልኩ። ሞቷል።

«አለች?» አለችኝ ስናፍቅሽ። «አልጣሽ አለች?»

«አለች።»

«ምን አለች?»

«ደብተራ ነህ አለችኝ። ለአንቺ ካልሆነ አልናገርም አለች።»

ሳቀች። ጎኗን ይዛ ሳቀች። «እሷ ናት፤ እሷው ናት ጋሼ። ዶሮዋን ቆጥራ ከጎረቤት የምትደብቅ ሴት እኮ ናት።» እንባዋ ወረደ። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም።

ስልኩን ትራስጌዋ ተውኩላት። ሳጋል ቻርጅ ታደርግላታለች፤ እኔ በየቀኑ እሄዳለሁ። ስትደውል ውላ ስትደውል ታድራለች፣ አይነሣም። ድምፅዋ አለቀ። እጇ ስልኩን መያዝ አቃተው።  አንድ ጠዋት ስደርስ ሳጋል በሩ ላይ ቆማለች። «ኢና ሊላሂ» አለች። ከዚያ በላይ አላስፈለገኝም።

ስልኩ አንገቷ ሥር ነበር።

ሳጋል ከቃጠሎው ከተረፈው ጨርቅ ነጩን አውጥታ ሰጠችን። ከሰፈሩ የአገራችን ሴቶች መጥተው ገነዟት። ሳጋል ደጅ ሆና ታለቅሳለች። «አዴር፣» አለችኝ፣ «እውነተኛ ስሟ ማነው? ሀኒ እያልኩ ዱዓ ላደርግላት አፈርኩ።» ስናፍቅሽ በያት አልኳት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተለማመደችው። ይህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቤት ኖረዋል።

አስማማው የድንበሩን ወረቀት አስጨርሶ አብሮን መጣ። በድንበር ከተማዋ ውጫሌ በኩል ተሻገርን። ከሬሳው አጠገብ ተቀምጬ መንገዱን አየሁ። ሳሩ የለም። የከብት አጥንት አለ። በዚህ መንገድ እሷ ከዘርፌ ጋር ሄዳለች፤ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች፣ ፈርታም ይሆናል። ጠይቄያት አላውቅም።

ጅግጅጋ ስንደርስ መቃብሩ ተቆፍሮ ነበር። ቄሱ መጽሐፋቸውን ይዘው ቀረቡ።

«ስመ ክርስትናዋ?»

«አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«አይታወቅም?»

«የሚታወቅ ነው። እኔ ነኝ ያላወቅሁት።»

«ካልታወቀ እገሊት ብለን እንጸልያለን። እግዚአብሔር የራሱን አይስትም።»

እግዚአብሔር እንደማይስት አውቃለሁ። የለመነችው ግን እኔን ነው። «ይታገሡኝ» ብዬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ሄድኩና ደወልኩ።

ጠራ።

ባለ ሱቁ አነሣው። ጠዋት ነው መስመሩ የተመለሰ አለኝ። አልጣሽን ልጥራት ሲል አስቆምኩት።

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ። ጎረቤት ቀድሞ ይነገረዋል። ሴቶች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ወድቃ እንዳትጎዳ የሚይዛት ሰው ይዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ነው የሚነገራት። ለአንዲት አሮጊት በጠራራ ፀሐይ በስልክ መርዶ የሚነግር ሰው ሰው አይባልም። እኔም አልለውም ነበር።

«ሰፈር ውስጥ ሰው አለ?» አልኩት ባለ ሱቁን።

«የለም። ሁሉም ሸሽቷል። እኔ ዕቃዬን ትቼ አልሄድም ብዬ፣ እሷ እግሯ እምቢ ብሏት ቀረን።»

«እንግዲያ አጠገቧ ቁም። ስትናገር አትራቃት።»

ገባው መሰለኝ፣ ሊጠራት ሄደ። ጥቂት ቆይቶ እሷ መጣች።

«አቀረብካት?» አለች። ድምፅዋ ደስ ብሎታል። «ስጠብቅ ሰነበትኩ እኮ። አቅርባት፣ አቅርባት።»

«አላቀረብኳትም እናቴ።»

«ለምን?»

 ከአጥሩ ማዶ ቄሱ ይታዩኛል። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

«አንተ ሰው፣» አለች፣ «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ሰዓት። ቀትር ነው።»

«እዚህም ቀትር ነው። እንግዲያ ደህና ናት። መርዶ በቀትር አይነገርም።»

«እናቴ...»

«በቀትር አይነገርም ብዬሃለሁ!»

«መርዶ ነው እናቴ። ትናንት ጠዋት አርፋለች። መቃብሩ ተቆፍሮ፣ ቄሱ ቆመው ስሟን ይጠብቃሉ።»

ጩኸት ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ባለ ሱቁ ከጎኗ «እማማ፣ እማማ» ይላል።  

«የሚይዘኝ እንኳ ሳይኖር፣» አለች በመጨረሻ። «ሰው በሌለበት ነገርከኝ።»

«አዎ እናቴ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ ሳዛውር ቀጠለች።

«አንተ ነህ ያስታመምካት?»

«እኔና የቤቷ ሴት።»

«በስሜ ጠራችኝ?»

«ጠራችዎት። ደብተራ ነህ እንዳሉኝ ስነግራት ሳቀች። እሷው ናት አለች።»

ያን ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። ተሰብሮ ግን አላለቀሰችም፤ ያዘችው።

«ቆይ። ካለቀስኩ አልነግርህም፣ አልችልም። መጀመሪያ ልንገርህ። ወለተ ኪዳን ናት። በኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው የተጠመቀችው፤ ከውኃው ተቀብዬ የታቀፍኳት እኔ ነኝ። ወለተ ኪዳን። በል ድገመው።»

«ወለተ ኪዳን።»

«እንዳትስት።»

«አልስትም።»

«ሂድ በል ንገራቸው። ስልኩን አትዝጋው። ሲጠሯት ልስማ።»

ስልኩን እንደያዝኩ አጥሩን ዞሬ መጣሁ። ለቄሱ ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ በለሆሳስ ለራሳቸው አሉት፣ ከዚያ መጽሐፉን ገለጡ። እኔ እጄን ወደ አፋቸው ዘርግቼ ቆምኩ። ክንዴን በሌላው እጄ ደገፍኩት። አስማማው ሊቀበለኝ መጣ፤ አልሰጠሁትም።

ቄሱ ቀይ ቀለም ያለበት ቦታ ሲደርሱ እገሊትን ዘለሏት። ወለተ ኪዳን አሉ። ደግመው ወለተ ኪዳን አሉ።

ከስልኩ ውስጥ አንድ ጩኸት ወጣ። ቆፋሪዎቹ ሁሉ ዞር አሉ። አልጣሽ የያዘችውን ለቀቀችው። ቄሱ አላቋረጡም፤ እኔም እጄን አላወረድኩም። ስሟ በተጠራ ቁጥር ኩልመስክ ላይ አንዲት አሮጊት ትጮኻለች፣ ጅግጅጋ ላይ እኛ እንሰማለን። ለስናፍቅሽ ሌላ አልቃሽ ዘመድ አልነበራትም። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ቀን ወዲያ ብደውልም አልተነሣም። ማን እንደያዛት አላውቅም።

ሬሳው ወረደ። ከአንዱ ቆፋሪ አካፋውን ተቀበልኩና አፈሩን መለስኩ። ጉልበቴ እስኪከዳኝ እኔ ነኝ የመለስኩት። መቃብሩ ሲሞላ ስለ ዘርፌ የነበረብኝን ብድር ለስናፍቅሽ መልሼ ጨረስኩ።